ኢኮው «ንጹሕ ነው» ካለ ሲቲው ለምን ታዘዘ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ከልብ ሕመም ጋር በተወለደ ሰው ልብ ወይም የደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት አለመርጋቱ በምስል እንዴት ይታወቃል? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመቷ ልጄ በሦስት ዓመቷ ፎንታን የሚባለው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ዘንድሮ ለክትትል ስንሄድ ኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ) «የረጋ ደም አይታይም» ቢልም ሐኪሟ ሲቲ (በጨረር የሚነሣ ምስል) አዘዘ። ሲቲው ደግሞ «በግራ የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል» አለ። ደንግጠን ሌላ ቦታ ስናሳይ «እንደገና ይነሣ» አሉን፤ ሁለተኛው ሲቲ ንጹሕ ሆነ። የቱን እንመን?

መልስ፦ መጀመሪያ የሁለተኛውን ሲቲ ሪፖርት አውጥተው እንዴት እንደተነሣ ያንብቡ። ኮንትራስት የሚባለው የምስል ማድመቂያ ከተወጋ በኋላ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ተጠብቆ የተነሣ ከሆነ፣ ወይም በክንድም በእግርም ባንድ ጊዜ ተወግቶ ከሆነ፣ የሚታመነው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ያሳየው የረጋ ደም ሳይሆን ኮንትራስት ያልደረሰውን ደም ሳይሆን አይቀርም።

በተለመደው ልብ ከላይኛውና ከታችኛው የሰውነት ክፍል የሚመለሰው ደም በቀኙ የልብ ክፍል ይገናኛል፤ ልብም አማስሎ ወደ ሁለቱ ሳንባዎች ይገፋዋል። ስለዚህ በክንድ የተወጋ ኮንትራስት ሁለቱንም ሳንባ እኩል ያደምቃል። ፎንታን በተሠራለት ሰው ግን ደምን ወደ ሳንባ የሚገፋ የልብ ክፍል የለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሲስ ፎንታን ከባልደረባው ከኢዩጂን ቦዴ ጋር በ1971 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ወዲህ አሠራሩ ብዙ ቢለወጥም ሐሳቡ ያው ነው። ዛሬ በሚሠራው ዓይነት ከራስና ከክንድ የሚወርደው ትልቁ ደም መልስ በቀጥታ ከሳንባ ደም ቅዳ ጋር ይሰፋል፤ ከሆድና ከእግር የሚወጣው ደግሞ በቱቦ አማካይነት እዚያው ይደርሳል። መሐል ላይ የሚያማስል ነገር ስለሌለ ሁለቱ ደሞች፣ አንዱ ደፍርሶ አንዱ ጠርቶ እንደተገናኙ ወንዞች፣ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከክንድ የመጣው ኮንትራስት ወደ ቀኝ ሳንባ ሲያደላ፣ በቱቦው የሚወጣው ኮንትራስት የሌለው ደም ወደ ግራ ያዘነብላል። ማሽኑ ለተለመደው የሳንባ መርጋት ምርመራ በተቀመጠው ሰዓት፣ ማለትም መርፌው ከተወጋ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ፣ ፎቶውን ሲያነሣ ግራው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የልጅዎን ቀዶ ሕክምና የማያውቅ አንባቢ ይህን ሲያይ «መርጋት» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም።

ሁለቱን የሚለያቸው ጊዜ ነው። ከ70 እስከ 90 ሰከንድ ሲጠበቅ ኮንትራስቱ ሰውነትን ዞሮ ከእግርም በኩል ይመለሳል። ያኔ ያልተቀላቀለው ደም ከዙሪያው ጋር እኩል ይደምቃል፤ የረጋው ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ጥንቁቅ ራዲዮሎጂስት በዓይኑ ብቻ አይፈርድም፤ ያንኑ ነጥብ በሁለቱም ፎቶ ላይ በሀውንስፊልድ ቁጥር (በሲቲ ላይ የአንድ ነጥብ ድምቀት መለኪያ) ይለካል። ቁጥሩ ካልጨመረ ያሳስባል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ለእኛ የበለጠ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ቀድሞ በተነሣ ፎቶ ላይ የታችኛው ቱቦ በሙሉ ጥቁር ስለሚሆን፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ እውነተኛ መርጋት እዚያው ጥቁረት ውስጥ ተደብቆ ያልፋል።

ኢኮው «አይታይም» ማለቱ ደግሞ «የለም» ማለት አይደለም። የአልትራሳውንድ ሞገድ አየርና አጥንትን አያልፍም። ቱቦውና የሳንባ ደም ቅዳ ቅርንጫፎች ያሉት ከደረት አጥንትና ከሳንባ ጀርባ ነው፤ ልጅቷ ባደገች ቁጥር ደግሞ እየራቁ ይሄዳሉ። ሐኪሟ ሲቲ ማዘዙ ትክክል ነበር። የጎደለው ለማሽን ክፍሉ የተላከው መረጃ ይመስላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። ቱቦው በልብ ውስጥ ያለፈ ነው ወይስ ከልብ ውጪ? ስፋቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? በቱቦውና በልብ መካከል ፌኔስትሬሽን የሚባለው ትንሽ ቀዳዳ ተትቶለታል? የተዘጋ ሥር ወይም የገባ ብረት አለ? እነዚህ በወረቀቱ ላይ ይገኛሉ። «ፎንታን ናት፤ ዘግይቶ የሚነሣ ፎቶ ያስፈልጋታል» የሚለውን ቃል በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ሐኪሟ እንዲጽፍ ይጠይቁ። በዘገየው ፎቶ ብቻ ጥያቄው የሚመለስ ከሆነ የመጀመሪያውን ማንሣት በልጅ ላይ ጨረር መጨመር ነው። የኮንትራስቱ መጠን በክብደት ይሰላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ 30 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። አስቀድሞ ኩላሊቷ በክሪያቲኒን የደም ምርመራ ይታይ፤ ለኮንትራስት አለርጂ ካላት አስቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። በልጅነቴ ፋሎት ቴትራሎጂ ለሚባል አብሮኝ ለተወለደ የልብ ጉድለት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ልቤ በደቂቃ 150 ይመታል፤ «ኤትሪያል ፍላተር የሚባል የልብ ምት መዛባት ነው፤ በኤሌክትሪክ ይስተካከላል፤ ግን አስቀድሞ በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ ያስፈልጋል» አሉኝ። ግድ ነው? ያምማል?

መልስ፦ ልብዎ እንዲህ ሲመታ የላይኞቹ ክፍሎች በቅጡ አይኮማተሩም፤ ደሙ በተለይ በግራ በኩል ባለው ጆሮ መሰል ከረጢት ውስጥ ይቆማል፤ የቆመ ደም ደግሞ ይረጋል። በኤሌክትሪክ ምቱ ሲስተካከል ክፍሉ እንደገና መኮማተር ይጀምርና የረጋውን ወደ አንጎል ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ ምቱ ከተዛባ 48 ሰዓት ካለፈው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሦስት ሳምንት ደም ማቅጠኛ በትክክል ወስዶ መምጣት፣ ወይ ከረጢቱን በቅርብ አይቶ ዛሬውኑ ማስተካከል። እንደርስዎ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ልብ ላይ ከ48 ሰዓት በፊትም ቢሆን ማየትን የሚመርጡ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። የደረት ኢኮ ይህን ከረጢት በደንብ አያሳይም። ከጉሮሮ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ከልብ ጀርባ ስለሚያልፍ መሣሪያው እዚያ ሲደርስ በመካከሉ አጥንትም ሳንባም የለም።

ጠንካራ ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ውኃ ከ2 ሰዓት በፊት ያቁሙ። ደም ማቅጠኛዎን ግን አያቁሙ፤ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይወልቃል። ጉሮሮ በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መርፌ ይሰጣል፣ በግራ ጎን ይተኛሉ። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው መሣሪያ ሲገባ «ዋጡ» ይባላሉ፤ ማቅለሽለሹ የሚያስቸግረው በዚያች ቅጽበት ነው። ምርመራው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ድንዛዜው እስኪለቅ አይብሉ አይጠጡ፤ አለዚያ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። በዕለቱ መኪና አይንዱ። ጉሮሮ አንድ ሁለት ቀን ሊያቃጥል ይችላል። የምግብ ቧንቧ መቀደድ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከሺህ ሰው አንድ እንኳ አይደርስም። ሆኖም የመዋጥ ችግር፣ ደም ማስታወክ ወይም የጉበት በሽታ ካለ አስቀድሞ መነገር አለበት። (ፎንታን የተሠራላቸው አንባቢዎች ይህን ልብ ይበሉ፤ በዓመታት ውስጥ ጉበት ሲጎዳ በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያሉ ሥሮች ሊያብጡ ይችላሉ። ለእነሱ የሚያስተኛው መድኃኒትም ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ትንፋሽ ሲቀንስ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። የልብ ማደንዘዣ የሚያውቅ ባለሙያ ቢኖር ይመረጣል።)

ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ምቱ ቢስተካከልም ደም ማቅጠኛው ቢያንስ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ክፍሉ ከተስተካከለ በኋላም ለቀናት ደንዝዞ ስለሚቆይ መርጋቱ የሚፈጠረው አንዳንዴ ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ የምርመራ ውጤቴ ላይ «በላይኛው የልብ ክፍል ጭስ የመሰለ ነገር ይታያል» ይላል። የረጋ ደም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ግን ንቀው የሚያልፉት ነገርም አይደለም። ደም ሲዘገይ ቀይ ሕዋሳቱ እርስ በርስ ይደራረቡና በአልትራሳውንድ ላይ የሚሽከረከር ጭስ ይመስላሉ። መርጋት የሚፈጠርበት ቦታ መሆኑን አመልካች ነው። በግራው ጆሮ መሰል ከረጢት ውስጥ የሚለካው የደም ፍጥነት ከ40 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ አደጋው ይጨምራል። ሪፖርትዎ ላይ ይህ ቁጥር ከሌለ ይጠይቁ።

የረጋ ደም ዳር አለው። ከሁለት አቅጣጫ ሲታይም ይገኛል፤ ልብ ሲኮማተርም ሲዘረጋም አይጠፋም። ጭስ ቅርጽ የለውም፤ የማሽኑ ጌይን (የምስሉ ድምቀት ማስተካከያ) ሲቀነስ ይደበዝዛል። በሌላ በኩል መርጋት የሚመስሉ፣ ግን የተፈጥሮ አካል የሆኑ ነገሮች አሉ። በግራው ከረጢትና ከሳንባ በሚመጣው ደም መልስ መካከል ያለችው ሥጋ ጫፏ ወፈር ስለሚል ስንት ሰው በእሷ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ውጧል። በቀኙ ክፍል ደግሞ ከፅንስ ጊዜ የቀረ መረብ መሰል ስስ ጨርቅ ሲወዛወዝ ይታያል። ከልብ ሕመም ጋር በተወለደ ሰው ላይ የተሰፋ ፓች፣ የክር ቋጠሮና መዝጊያ መሣሪያ ሲጨመሩ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ስለዚህ ከድሮ ምስሎችዎ ጋር ማስተያየት ከሁሉ ይበልጣል። ለአምስት ዓመት ያልተለወጠ «እብጠት» መርጋት የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ጥያቄ፦ የኢኮ ባለሙያ ነኝ፤ ፎንታን የተሠራላቸውን ሰዎች አልፎ አልፎ ብቻ ነው የማያቸው። መርጋት እንዳያመልጠኝ ምን ልመልከት?

መልስ፦ ከሆድ በኩል ይጀምሩ። ከጎድን አጥንት ሥር ሲታይ ከታች የሚመጣው ደም መልስና የቱቦው መግቢያ ጥሩ ሆነው ይወጣሉ፤ ከዚያ በአንገት ሥር በኩል የላይኛውን መጋጠሚያ ይፈልጉ። በቱቦው ውስጥ ያለው ፍሰት ዝግ ያለ ነው፤ የፍሰቱን ፍጥነት የሚያሳየው የቀለም ስኬል ለደም ቅዳ እንደተስተካከለ ከቀረ ባዶ ቱቦ ያያሉ። ወደ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ያውርዱት። ፍሰቱ ታማሚው አየር ሲያስገባ መጨመር፣ ሲያስወጣ መቀነስ አለበት። ትንፋሽን የማይከተል ፍሰት ካዩ የሆነ ቦታ ጥበት ወይም መዘጋት አለ ብለው ይጠርጥሩ።

ጌይኑ ሲበዛ ጭስ ይፈጥራል፤ ሲያንስ ደግሞ ትኩስ መርጋትን ይደብቃል፤ ትኩስ መርጋት እንደ ደም ጥቁር ሊሆን ይችላልና። ሰው ሠራሹ ቱቦ ድምፅን ስለሚመልስ ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሆነ የሐሰት መስመር በውስጡ ይታያል፤ አቅጣጫ ሲቀይሩ መስመሩ ከጠፋ ይተዉት።

ሁለት የሚረሱ ቦታዎች አሉ። አንዱ ፌኔስትሬሽኑ ነው። ባለፈው ጊዜ ፍሰት ነበረው፣ ዛሬ ግን የለም፤ ኦክስጅኑ ደግሞ ከፍ ብሏል እንበል። በራሱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን በአፉ ላይ መርጋት ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሚነሣ ቁራጭ በቀጥታ ወደ አንጎል መንገድ አለው። ሁለተኛው ከልብ ላይ ተቆርጦ የተሰፋው የሳንባ ደም ቅዳ ግንድ ነው። ጫፉ የተዘጋ ኪስ ሆኖ ከታችኛው የልብ ክፍል ጋር ከተገናኘ ደም እዚያ ይቆማል። ቱቦውን ሲያስሱ ውለው ኪሱን ሳያዩ ማለፍ በጣም ቀላል ነው።

የአረፋ ምርመራ (አረፋ ያለው ፈሳሽ በሥር ሰጥቶ መንገዱን በኢኮ መከታተል) ካስፈለገ ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በሦስት አፍ ቧንቧ ያገናኙ፤ 9 ሚሊ ሊትር ሳላይንና ግማሽ ወይም 1 ሚሊ ሊትር አየር ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ ያመላልሱ፤ በዓይን የሚታይ ትልቅ አረፋ ካለ አስወጥተው ወዲያው ይስጡ። በክንድ የተሰጠ አረፋ የታችኛውን ቱቦ አይሞላም፤ በመጀመሪያው መልስ እንደተባለው ያው የኮንትራስቱ ችግር ነው። ቱቦውን ለማየት በእግር በኩል መሰጠት አለበት። ደም ከቀኝ ወደ ግራ በሚያልፍበት ሰው ላይ ደግሞ አረፋው ወደ አንጎል ስለሚሄድ፣ ያለ ልብ ሐኪሙ ውሳኔ አይጀምሩ።

ካገኙ ርዝመትና ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ የት እንደተጣበቀ፣ በቀጭን አንገት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል ወይስ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል የሚለውን ይጻፉ። ሐኪሙ መፍጠን አለመፍጠኑን የሚወስነው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በልቤ ያለው ክፍተት በጊዜው ሳይዘጋ አይዘንሜንገር (የሳንባ ግፊት ጨምሮ ደም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፍበት ሁኔታ) ሆኖብኛል። ኦክስጅኔ 80 ከመቶ፣ ሄማቶክሪቴ (በደም ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) 65 ከመቶ ነው። የሳንባ ሲቲ ታዞልኛል፤ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ መታዘዙ ተገቢ ነው። በእርስዎ ሁኔታ ትልልቆቹ የሳንባ ደም ቅዳዎች ስለሚሰፉ ደም በግድግዳቸው ላይ ይረጋል፤ በጥናቶች ከአምስት ሕመምተኞች በአንዱ ገደማ ተገኝቷል። ይህን አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ነው።

ጾም አያብዙ። ወፍራም ደም ላይ ድርቀት ሲጨመር የመርጋት አደጋው ይከፋል፤ ውኃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድልዎ ይጠይቁ፤ ምንም የማይፈቀድ ከሆነ በሥር ፈሳሽ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። ካኑላው (በሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ሲተከል «ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፍ ክፍተት አለብኝ» ይበሉ። በሌላው ሰው ሳንባ የሚያስቀረው የአየር አረፋ በእርስዎ ላይ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ለተራ ፈሳሽ የአየር ማጣሪያ በመስመሩ ላይ ይገጠማል፤ የሲቲው መርፌ ግን በኃይል ስለሚገፋ በማጣሪያው ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ቱቦው በሙሉ አየር እንደሌለበት በዓይን መታየት አለበት።

የሄማቶክሪቱን ቁጥር ለመቀነስ ብቻ ደም አይቀዱ፤ የብረት እጥረት ያመጣል፤ የራስ ምታትና የዓይን ብዥታን የመሰሉ የደም መወፈር ምልክቶች ከታዩ ሐኪሙ ይወስናል። መርጋት ቢገኝም ደም ማቅጠኛ ወዲያው ይሰጣል ማለት አይደለም፤ በዚህ በሽታ ከሳንባ መድማትም አለና ሁለቱ ይመዘናሉ። ደም ካሳልዎት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ዋርፋሪን ከጀመሩ ደግሞ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚዘገይበትን መጠን የሚያሳይ ቁጥር) የሚለካበት ቱቦ ይስተካከል። ሰማያዊ ክዳን ያለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ቱቦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ 0.5 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ይይዛል፤ 4.5 ሚሊ ሊትር ደም ይጨመርበታል። ሄማቶክሪት ከ55 ሲያልፍ ፕላዝማው (ፈሳሹ የደም ክፍል) ስለሚያንስ ሲትሬቱ ይበዛበታል፤ አይኤንአሩም ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይወጣል፤ መድኃኒቱ ያለ አግባብ ይቀነሳል። በ65 ላይ የሚያስፈልገው ሲትሬት 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ላቦራቶሪው ደም ከመቅዳቱ በፊት 0.2 ሚሊ ሊትር ከቱቦው ማውጣት አለበት። ሄማቶክሪትዎን በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሥር የተዘጋበት ጥምዝ ሽቦ በደረቱ አለ። ኤምአርአይ ይቻላል?

መልስ፦ አብዛኞቹ ይቻላሉ፤ ግን የሽቦውን ዓይነትና ስም የያዘውን ካርድ ያቅርቡ። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ከሆነ ባይጎዳውም በምስሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ይተዋል፤ መርጋት የተጠረጠረው ከዚያው አጠገብ ከሆነ ሲቲ ይሻላል። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ካለ ከኤምአርአይ ጋር የሚስማማ መሆኑ ይጣራል። ምርመራው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በየመሐሉ ትንፋሽ መያዝ ስላለበት ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል። የኤምአርአይ ጥቅሙ ጨረር የለውም፤ ደግሞም ጋዶሊኒየም የሚባለው የኤምአርአይ ማድመቂያ ከተሰጠ በኋላ የረጋ ደም የራሱ የደም ዝውውር ስለሌለው ጠቁሮ ይቀራል፤ ዕጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይደምቃል።

ጥያቄ፦ መርጋት ተገኝቶብኝ ዋርፋሪን ጀምሬአለሁ። ምስሉ መቼ ይደገም?

መልስ፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈና የማይወዛወዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር አካባቢ፤ የሚወዛወዝ ወይም ትልቅ ከሆነ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ። የሚደገመው በመጀመሪያ በተገኘበት ዓይነት መሣሪያ ይሁን፤ ሲቲ ከሆነም ኮንትራስቱ ከተወጋ በኋላ በመጀመሪያው ጊዜ የተጠበቀውን ያህል ሰከንድ ተጠብቆ ይነሣ። በሲቲ የታየውን በደረት ኢኮ አይተው «ጠፍቷል» ቢሉዎት አይቀበሉ። አይኤንአሩ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ይጠበቃል። አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች በዚህ ሕመም ውስጥ እየገቡ ነው፤ ሪቫሮክሳባን በ2021 እ.ኤ.አ. ፎንታን ለተሠራላቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ብረት ሠራሽ የልብ በር ላለው ሰው ግን አይሆኑም፣ እሱ ዋርፋሪን ላይ ይቆያል። የተረፈ ነገር ተጠጋግቶና ጠንክሮ በግድግዳው ላይ ቢቀር ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱን የሚያቆመው ሐኪም ነው፣ ንጹሕ ምስል ብቻውን አይደለም።

ፊት ከጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ወይም ኦክስጅን ከወትሮው በድንገት ከወረደ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሳንባቸውን የሚመግብ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ የተተከለላቸው ሕፃናት ወላጆች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ሕፃኑ ድንገት ከጠቆረና ሐኪሙ በደረቱ ላይ የሚሰማው የተለመደ ሹክሹክታ ከጠፋ ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ኢኮው የሚሠራው ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ፣ አልጋው አጠገብ ነው።